ይዞራል እንጂ አይነሣም

መርዳሳ ሆራ ገና ጢም ሳያበቅል ከእሳት መካከል የወጣ ሰው ነው።

የተወለደው ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ በቦሰት ተራራ ሥር ነው። ዝናብ ቀርቶ የአባቱ ከብቶች ባለቁበት ዓመት «ወንጂ ሰው ይፈልጋሉ» ሲባል ሰምቶ፣ ከከምባታና ከወላይታ ከመጡት አገዳ ቆራጮች ጋር ተቀላቅሎ ሥራ ያዘ። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ደረቅ ቅጠሉ እንዲነድ፣ እባቡም እንዲሸሽ ማሳው እሳት ይለቀቅበታል። አንድ ቀን ሙቀቱ ያዳከመው መርዳሳ ለማንም ሳይናገር አገዳው ውስጥ ገብቶ ተኛ። ሰዎቹ ማሳው ባዶ መስሏቸው ዙሪያውን ለኮሱት። ሲነቃ ሰማዩ አይታይም። ወዲያ ቢል እሳት፣ ወዲህ ቢል እሳት። እየዳኸ የመስኖ ቦይ አገኘ፤ ትከሻው ላይ የነበረውን ጆንያ ውኃ ነክሮ ራሱ ላይ ጣለና ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀበረ። እሳቱ በላዩ አለፈ። ሲያወጡት ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ድረስ ቆዳው ተልጦ ነበር። እንዴት እንደተረፈ ሲጠየቅ፣ «እኔ ጭቃ ውስጥ ነበርኩ፤ ሌላውን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው» ብሎ ወሬውን ይቆርጠዋል።

ከወንጂ ከወጣ በኋላ ከአዳማ ሻሸመኔ በሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች ላይ ረዳት ሆነ። ጎማ እየፈታ፣ ከሞተር ሥር እየተኛ፣ የሾፌር ስድብ እየጠጣ ሙያውን ለቀመ። መንጃ ፈቃድ አወጣ። ዘርፉን አገባ። በመጨረሻም አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ተቀጠረ። የተሰጠችው አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። በግቢው ያሉት ሌሎቹ መኪናዎች የናፍጣ ካሚዮኖች ሲሆኑ በቤንዚን የምትሄደው እርሷ ብቻ ነበረች። እኔ እዚያው ግቢ ጭነት ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የቀረውን የሰማሁት ከራሱ ከመርዳሳ አፍ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ቤንዚን እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ መጣ። ማደያ ደጃፍ መኪናዎች ተሰልፈው ይውላሉ። ሾፌሮች በጎማ ቱቦ እየሳቡ የመንግሥት ቤንዚን ይሸጣሉ የሚል ወሬም ተነሣ። የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ገብረኪዳን ይህን ወሬ ሰማና በአንድ ስብሰባ ላይ መመሪያ ሰጠ። መመሪያው በቃል ነበር። ከእንግዲህ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር የላንድሮቨሯ ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ ክዳኑ በላስቲክ ይጠቀለላል፤ አንገቱ በሲባጎ ይታሰራል፤ ቋጠሮው ላይ ሰም ፈስሶ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተሙን የምታሳርፈውና የምትፈታው የንብረት ክፍሏ እትዬ አሳየች ብቻ ናት። ሌላ ሰው የነካው እንደሆነ በአሻጥር ይጠየቃል።

መርዳሳ በዚህ አልተከፋም። «ጎሽ! እንግዲህ ከሐሜት ዳንኩ» አለ። እትዬ አሳየች ስታሽግ ሻማውን የሚይዝላት እርሱ ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ጠዋት ስትገባ የሁሉንም ሰው ቤተሰብ በስም እየጠራች ደኅንነቱን የምትጠይቅ ሴት ናት። ሰሙ ጣቷን ሲያቃጥላት «ወይኔ!» ትላለች፤ እርሱ ይስቅባታል።

ብዙም ሳይቆይ ላንድሮቨሯ መንገድ ላይ መቆም ጀመረች።

መጀመሪያ የቆመችው ጓድ ገብረኪዳንን ወደ ሞጆ ይዛ ስትሄድ ነው። ደህና እየሮጠች ሳለች ሁለት ሦስቴ አነጠሳትና ጸጥ አለች። መርዳሳ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው «እኝ፣ እኝ፣ እኝ» እያለ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ሰው ለምኖ በካሚዮን አስጎትቶ አዳማ አብዱልጀባር ጋራዥ አስገባት። አብዱልጀባር በከተማው የታወቀ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማይዘገይ መካኒክ ነው። ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቀጭን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ፈታና በአፉ ወደ ኋላ ነፋው። ከውስጥ ጉልግል የሚል ድምፅ ተሰማ። ቱቦውን መልሶ አሰረ፤ ቁልፍ ተሰጠ፤ መኪናዋ ተነሣች።

ጓድ ገብረኪዳን አጠገቡ ቆሞ ነበር። «ምን አገኘህ?» አለው።

«ቆሻሻ ነዋ፣ ጓድ። ቱቦውን ዘግቶት ነበር። ነፋሁት፣ ሄደ።»

«ቆሻሻው ከየት መጣ?»

አብዱልጀባር ሳቀ። «ከሰልባትዮው ነዋ! ከሰማይ አይወርድ!»

«ሰልባትዮው የታሸገ ነው። ታዲያ ማን ጨመረው?»

የአብዱልጀባር ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ያቺ «ቆሻሻ» የምትል ቃል በቅንነት የወጣች ነበረች፤ ከአፉ ከወጣች በኋላ ግን ባለቤቷ ሌላ ሰው ሆነ።

ቀጥሎ መተሐራ መንገድ ላይ ቆመች። ጓድ ገብረኪዳን እዚያ ለስኳር ሠራተኞች ንግግር ሊያደርግ ነበር፤ ሲደርስ ሕዝቡ ተበትኗል። መርዳሳና አብዱልጀባር ያልነኩት ነገር አልነበረም። ፓምፑን በሌላ ቀየሩት፤ ካርቡራቶሩን ፈትተው አጠቡት። ቱቦውን በፈቱት ጊዜ ሁሉ ትነሣለች። ከግቢ ወጥታ ጥቂት ከሄደች በኋላ እንደገና ትሞታለች። ደግሞ የሚገርመው፣ ሰልባትዮው ሙሉ በሆነበት ቀን ቶሎ ትቆማለች፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ራቅ ያደርሳታል። ይህን መርዳሳ ልብ ብሎት ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላገኘውም።

በዚያ ዘመን መኪና መበላሸት የመኪና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ከዓመት በፊት የሒሳብ ሹማችንን «ለጥያቄ ነው» ብለው ወስደውት ነበር። ሚስቱ ምሳ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን የወህኒው ዘበኛ «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሌላ ምንም አልተነገራትም። የሣህኑን ክዳን ይዛ በእኛ ግቢ ፊት ስታልፍ አይተናታል፤ ማንም ወጥቶ አላናገራትም።

የግንቦት ሙቀት አፈሩን በሚያነድድበት አንድ ጠዋት ላንድሮቨሯ ሰልባትዮዋ ጢም ብሎ ተሞላ፤ ታሸገ፤ ጓድ ገብረኪዳንን ይዛ ወደ ወለንጪቲ ወጣች። ወለንጪቲ ሳትደርስ ቆመች። ማሽላ የጫነ ካሚዮን በገመድ ጎትቶ ወደ ግቢ መለሳት። ጓድ ገብረኪዳን ወረደና አቧራውን ከኮቱ ላይ አራገፈ። አልጮኸም። እኛን ያስፈራን አለመጮኹ ነው።

«ጓድ መርዳሳ» አለ፣ «ስልክ ልደውል ነው። ከሰዓት በኋላ ከምርመራ ሰዎች ይመጣሉ። እስከዚያ የምትቆምበትን ምክንያት ካሳየኸኝ አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ለእነርሱ ታስረዳለህ።»

«ጓድ፣ እኔ ይቺን መኪና እንደ ልጄ...»

«ስትፈልግ ትነሣለች፣ ስትፈልግ ትሞታለች። መኪና ፍላጎት የለውም። ፍላጎት ያለው ሰው ነው።» ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

የግቢው ዘበኛ ጋሽ ኑሬ መርዳሳ እንዳይወጣ ከነጠመንጃው እንዲጠብቀው ታዘዘ። ጋሽ ኑሬ የመርዳሳ የድሮ ወዳጅ ነው። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና የሚለው ቢጠፋው ቀልድ ሞከረ።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ይቺ መኪና እኮ ስብሰባ የሚባል ስትሰማ ነው የምትታመመው። እኔም እንደዚሁ ያደርገኛል።»

«ዝም በል ኑሬ። ዛሬ ለሁለታችንም ቦታ አላቸው።»

«ያ ረቢ! ለኔስ ቦታ አያጡም፤ ቀጭን ነኝ።»

መርዳሳ አልሳቀም። እኔን ጠራኝና ከመሪው ኋላ አስቀመጠኝ። ኮፈኑን ከፈተ። «ስጥ!» ሲለኝ ቁልፉን አዞራለሁ። «እኝ፣ እኝ፣ እኝ፣ እኝ።» ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ነው። ሊነሣ ነው ብለህ ትጠብቃለህ፤ እንደ ሰው ሲያቃስት ይቆይና ይቀራል።

ቤንዚኑን ከሚለኩሱት ካንዴላዎች አንዱን ነቅሎ ከሽቦው ጋር ሞተሩ ላይ አስነካው። «ስጥ!» አለኝ። ከካንዴላው ጫፍ ሰማያዊ እሳት ዘለለ።

«እሳት አለ» አለ።

«እሰየው» አልኩት።

«ምን እሰየው ነው? እሳት ባይኖር ሽቦ ነው እል ነበር። ባትሪ ነው እል ነበር። ሽቦን ማንም በአሻጥር አይከስስም።»

ከካርቡራቶሩ ጋር የሚገናኘውን ቱቦ ፈታ። ቁልፉን ሳዞር ከቱቦው አፍ አንድ ጠብታ ወጣችና ቆመች። ቤንዚን አይደርስም ማለት ነው። ፓምፑ አዲስ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ደህና ሆኖ የተገኘ ዕቃ ሁሉ ያስደስታል። ያን ቀን ግን መርዳሳ ደህና ነው ብሎ ያለፈው ዕቃ ሁሉ አንድ በር እየዘጋበት ነበር። የቀሩት ቱቦውና ሰልባትዮው ናቸው። እነርሱ ደግሞ ወደዚያች «ቆሻሻ» የምትል ቃል ይወስዳሉ።

አብዱልጀባር ወሬውን ሰምቶ እስከ አጥሩ መጣ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። በሽቦው ቀዳዳ ጠራው።

«መርዳሳ! ወንድሜ፣ ያን ነገር ያልኩት በቅን ልብ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ቱቦውን ፈትተህ ንፋው እንጂ! ወዲያው ትነሣለች።»

«ነፍቼ ባስነሣት ቆሻሻ ነበረ ማለት ነው። ቆሻሻ ከነበረ የጨመረ ሰው አለ። ያልነፋሁ እንደሆነ ደግሞ አትነሣም። የቱን ልምረጥ?»

አብዱልጀባር የአጥሩን ሽቦ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ «አላህ ይሁንህ» አለና አቀርቅሮ ሄደ። አልፈረድኩበትም። ያን ጊዜ አጥር መያዝም ድፍረት ነበር።

በምሳ ሰዓት ዘርፉ መጣች። በአንድ እጇ የምሳ ዕቃ፣ በሌላው ክንዷ የታጠፈ ጋቢ ይዛለች። ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነው። መርዳሳ ጋቢውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኸ ለምንድን ነው?»

«ሌሊት ይበርዳል።»

«ሌሊት እኔ ቤቴ ነኝ።»

«እሺ። እንግዲያው ስትመጣ ይዘኸው ትመጣለህ» አለችና ጋቢውን በላንድሮቨሯ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ምሳውን አንድ ጉርሻ ጎርሶ ተወው። እርሷም ብላ አላለችውም። ከጋሽ ኑሬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

መርዳሳ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ ምንም ሳይነካ ቆየ። የሚጸልይ መሰለኝ። በመጨረሻ መፍቻውን አነሣ። «የመጣው ይምጣ፣ ልንፋው» አለኝ። ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ላይ ፈታና አፉን አስጠጋ። ነገር ግን ፍርሃቱና ሙቀቱ ትንፋሹን ወስዶት ነበር። ቱቦውን በከንፈሩ እንደያዘ፣ ከመንፋቱ በፊት አየር ሊስብ አፍታ ቆመ።

እዚያው ደረቀ። ዓይኑ ፈጠጠ። ያመመው መስሎኝ ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ።

ቱቦውን ከአፉ አላቀቀና ወዲያው በአውራ ጣቱ ደፈነው። «ና፣ ና! ጣትህን አምጣ፣ ቶሎ በል!» አለኝ። ጣቴን በእርሱ ጣት ምትክ አደረግሁ። ቱቦው እንደሚጠባ ሕፃን ጣቴን ሳበኝ።

«ሳበህ?»

«ሳበኝ።»

«ቆሻሻ ሰው ይስባል?»

«አይስብም።»

«ከንፈሬን ያዘኝ እኮ! አብዱልጀባር ገና አፉ ሲደርስ ይነፋል፤ እኔም ሳግዘው እንደዚያው ነው የማደርገው። ሳልነፋ ቆሜ አላውቅም።» እያወራ ቱቦውን መልሶ ከፓምፑ ጋር አጠበቀው። «አየር ነው የጠማው። ሳናሳያቸው እንዳይጠጣ ልዝጋው።»

ወዲያ ዞሮ ወደ ሰልባትዮው ክዳን ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ላስቲኩ፣ ሲባጎው፣ ቀዩ ሰም፣ በላዩም ማኅተሙ። ላስቲኩ ወደ ውስጥ ተስቦ ክዳኑ ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፏል። በክዳኑ መሃል መርፌ የምታክል ቀዳዳ እንዳለች ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ቤንዚኑ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሲሄድ በምትኩ በዚያች ቀዳዳ አየር ይገባል። አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወጣም፤ ፓምፑ ቢስብ ቢስብ ሰልባትዮው ይዞ ያስቀረዋል። ሙሉ በሆነ ጊዜ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታነቃል። ቱቦውን በፈታን ቁጥር የምትነሣው ቆሻሻ ሄዶ ሳይሆን በቱቦው አየር ጠጥታ ነበር። ይህን ሁሉ መርዳሳ ቆሞ በሹክሹክታ ነገረኝ። ማኅተም ያለበት ነገር ስለሆነ ከታሸገበት ቀን ጀምሮ ማናችንም ክዳኑን እንደ መኪናው ዕቃ አድርገን አናየውም ነበር።

እኔ ደስታ አሰከረኝ። «ዳንክ! ሂድ ንገረው!» አልኩት።

እርሱ ግን ደስ ያለው አይመስልም። የንብረት ክፍሉን በር ያያል። እትዬ አሳየች በሩ ላይ ቆማ እኛን ታያለች። ስንሾካሾክና ክዳኑን ስንነካካ አይታ ነገሩ ገብቷት ኖሮ ቀስ ብላ መጣች።

«መርዳሳ፣ እኔ ነኝ?»

«አንቺ አይደለሽም፣ እትዬ።»

«እጄ ነው ያሸገው።»

«ሰው አዘዘሽ።»

«ማን ምስክር አለኝ? በቃል ነው። እኔ አላልኩም ቢልስ? ልጆቼን...»

«ሂጂ። ግቢና በርሽን ዝጊ። ጠርተው ካልጠየቁሽ አትውጪ» አላት።

ከሄደች በኋላ እኔ አሁንም አልገባኝም። «ማኅተሙን እርሷ ብትፈታው አይሻልም? ሥልጣኑ የእርሷ ነው» አልኩት።

«እርሷ ከፈታችው ‘ያሸግሁት እኔ ነኝ’ አለች ማለት ነው። እኔን አውርደው እርሷን ይጭናሉ።»

«አንተ ከፈታኸውስ?»

«ማኅተም ሰበረ እባላለሁ።»

ይህን ሲል ከበሩ በኩል የመኪና ድምፅ ተሰማ። ከምርመራ የመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ወፍራም፣ ላብ ላብ የሚለው፤ ሁለተኛው መሐረብ በእጁ የያዘ ዝምተኛ። ጓድ ገብረኪዳን ከቢሮው ወጥቶ ተቀበላቸው። ዘርፉ ተነሥታ ቆመች።

«የታለ ሾፌሩ?» አለ ወፍራሙ።

«አቤት» አለ መርዳሳ። «ጓዶች፣ ምክንያቱን አግኝቻለሁ። ተራ በተራ ላሳያችሁ።»

እኔን ቁልፍ እንድሰጥ አዘዘኝ። «እኝ፣ እኝ፣ እኝ» አለ፤ አልተነሣም። «አያችሁ» አለና ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። ማንም ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሳያውቅ የክዳኑን ሲባጎ በጠሰው። ሰሙ ተሰብሮ መሬት ላይ ረገፈ።

«ማኅተም! ማኅተም ሰበረ!» ብሎ ጓድ ገብረኪዳን ጮኸ። ጋሽ ኑሬ ጠመንጃውን አቀባበለ። ወደ ማን እንደደገነ ግን ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

መርዳሳ ላስቲኩን ገሸለጠው፤ ክዳኑንም ትንሽ አላላው። ሰልባትዮው ተነፈሰ። ከውኃ ሥር የወጣ ሰው አየር እንደሚስብ ዓይነት ረጅም ድምፅ ነበር፤ ሁሉም ሰማው። የቆርቆሮው ጎን «ጧ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ስጥ!» አለኝ።

ሰጠሁ። ጥቂት ዞረና ሞተሩ ተነሣ። ስትሞት እንደነበረች ሳይሆን እንደ አዲስ መኪና ረጋ ብላ ትሠራ ጀመር።

ዝምተኛው ሰው ወደ ክዳኑ ቀርቦ በጣቱ ላስቲኩን ነካካ። «ለካ በላስቲክ ተደፍኖ ነው» አለ። «ማነው ያሸገው?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ጓድ።»

«መሥሪያ ቤት እጅ የለውም። ማነው?»

«ሲታሸግ አላየሁም።»

ሻማውን የሚይዘው እርሱ እንደነበረ በግቢው የማያውቅ አልነበረም። ማንም አልተነፈሰም።

«ማን ነው ያዘዘው?»

መርዳሳ ጓድ ገብረኪዳንን አላየውም። መሬቱን እያየ «እኔ ሾፌር ነኝ፤ ማን ምን እንደሚያዝ አላውቅም» አለ። ጓድ ገብረኪዳን ፊቱ አመድ መሰለ። አንድ ቃል ከመርዳሳ አፍ ቢወጣ የምርመራዋ መኪና ማንን ይዛ እንደምትሄድ የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ግን ይህን ቸርነት ሊያስተውል የሚችል ሰው አልነበረም፤ ወይም አስተውሎ ፈራው።

«ያም ሆነ ይህ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የመንግሥት ማኅተም ያለ ፈቃድ ሰብሯል። ይህ በራሱ ወንጀል ነው።»

ወፍራሙ ሰው ላብ የገባበትን ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጁን መመለስ የማይወድ ሰው መሰለኝ። «በል ና፣ መኪናው ላይ ውጣ» አለው።

ዘርፉ ጋቢውን ከላንድሮቨሯ ላይ አንሥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት። አላለቀሰችም። «ምን ላምጣልህ ነገ?» አለችው። «ሽሮ ይበቃል» አላት። ሄዱ። ሞተሩን የሚያጠፋ ሰው ጠፍቶ ላንድሮቨሯ ብቻዋን ስትሠራ ቆየች፤ በኋላ እኔ አጠፋኋት።

መርዳሳ ክረምቱን ወህኒ ቤት አሳለፈ። እኛ በዚያ ክረምት ለመሠረተ ትምህርት ስንሰበሰብ እርሱ እዚያው ውስጥ ፊደል ቆጠረ። ዘርፉን ግን ማንም «ከእንግዲህ አታምጪ» አላላትም። የተያዘው በማኅተም ነበር እንጂ በአሻጥር አልነበረም፤ በዚያ ዘመን በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ተፈታ፤ ሥራው ግን አልተመለሰለትም። ወደ ጭነት መኪና ተመልሶ የሻሸመኔን መንገድ እስኪያረጅ ድረስ ነዳ።

እርሱ በሌለበትም ክዳኑ መታሸጉ አልቀረም። መመሪያ ነውና ማንም ስሕተት ነበር ሊል አልደፈረም። እትዬ አሳየች በሰሙ ላይ ማኅተሙን ታሳርፍና ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ አውጥታ ላስቲኩን ጠቅ ታደርገዋለች። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ቆማ አታውቅም። ጓድ ገብረኪዳን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሲሄድ እንደ ደንቡ ሸኘነው።

አሁን እኔም መርዳሳም አርጅተናል። በአንድ ሰፈር ነው የምንኖረው። በቅርቡ ይህን ታሪክ ልጽፈው እንደሆነ ስነግረው ቅር አላለውም፤ ግን «ስለ ሞተሩ ብዙ አትጻፍ» አለኝ። «ታዲያ ለአንተ ትልቁ ነገር የቱ ነው?» አልኩት። የመለሰልኝን እንደተናገረው አሰፍረዋለሁ።

«መኪናዋን እኔ ባላስነሣት ሌላ ሰው ያስነሣት ነበር። ወህኒ ቤት እያለሁ ብዙ ጊዜ አስጠርተው ጠይቀውኛል። ‘ያሸገውን ሰው ስም ስጠንና ማታ ከሚስትህ ጋር እራት ትበላለህ’ ይሉኛል። አልዋሽህም፣ እራቱ ያምረኝ ነበር። ቤቴ ያምረኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ስሟ ምላሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ዘርፉ ምሳ ስታመጣ አሳየችም አብራት ትመጣ ነበር፤ እኔን እንድታይ ስለማይፈቀድላት ከበሩ ማዶ ትቆማለች። በአጥሩ ሥንጥቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አያቸዋለሁ፤ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። በየቀኑ መጀመሪያ የማየው ያን ነበር፤ ሁለቱም ቆመው እንደሆነ፣ አሳየችን ያልወሰዷት እንደሆነ። ክረምቱን ሙሉ ሁለቱም ቆመው ነበር።»